ብከፍት ልጆቻችሁን ታመጣላችሁ? የሐይቅ ዳሩ መጫወቻ ያስነሳው ክርክር

ጥያቄው የመጣው ጥቅምት 2013 መጀመሪያ ላይ ነው። በሐዋሳ ልጆች የውይይት መድረክ ላይ አንድ ሰው ረዘም ያለ ጽሑፍ ለጠፈ። ሐይቁ ዳር አነስተኛ የልጆች መጫወቻ አለው። በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖች፣ በአየር የሚነፋ ሸርተቴ፣ የሚሽከረከር ዥዋዥዌ። ሁሉም በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ሸራ ለብሰው ቆመዋል። የመኪኖቹ ባትሪ ሞቷል። የሸርተቴውን ጥግ አይጥ በልቶታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል አብቅቷል፣ ትምህርት ቤቶችም ሊከፈቱ ነው። ስለዚህ ተበድሮ ባትሪ ሊገዛ አስቧል። የጠየቀው ስለ ፈቃድ አልነበረም፣ ስለ ሕግም አልነበረም። ቢከፍት ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣ እንደሆነ ነው ማወቅ የፈለገው። የማይመጣ ከሆነ ብድሩ ውስጥ አይገባም።

ክሩን፣ ማለትም ጽሑፉንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ ሰሞኑን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ግማሹ ወሬ ነው። ሩቡ ንጭንጭ ነው። የቀረውን ግን ያኔ የከተማው ሰው ምን ያስብ እንደነበር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው አሳያለሁ። በኋላ ሁላችንም ጠንቃቆች እንደነበርን ማውራት ጀምረናልና።

መልስ 1 ሰላምታ ብቻ ነው። እግዜር ይርዳህ፣ ሥራህ ይቃና፣ ቦታው በየት በኩል ነው። የእኛ ከተማ ውይይት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ጉዱ ኋላ ነው።

መልስ 2 ላይ የሁለት ልጆች እናት እቅጩን ተናገረች። አታመጣም። ልጆቹ የሳሎኑን ግድግዳ በእስክሪብቶ ጨርሰውታል፣ እሷም ጨርቋን ልትጥል ምንም አልቀራት። ግን አማቷ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ልጆቹ ምንም አይሆኑ ይሆናል። ይዘውት የሚገቡት ግን ለአያታቸው ነው። ባለ መጫወቻው የጠየቀውን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ እስከ ሃያዎቹ ድረስ ሁሉም ሰው የፈለገውን አወራ እንጂ ጥያቄውን የነካው አልነበረም።

መልስ 3 የባጃጅ ሹፌር ነው፣ በሳቅ ጀመረ። በአዋጁ ጊዜ ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ይጫን እንደነበር አስታወሰ። አሁን ያ ቀርቷል። ጠዋት ከመናኸሪያ ሲነሳ አንዱ ተሳፋሪ ከእሱ ወንበር ጥግ ተለጥፎ ይቀመጣል። ያ ተሳፋሪ ትራፊክ ሲያይ ማስኩን ወደ አፍንጫው ይስባል፣ ትራፊኩን ሲያልፍ ወደ አገጩ ይመልሳል። እንዲህ እየሄደ ሜዳ ላይ የቆመ ዥዋዥዌ የሚያስፈራው ሰው ካለ ሹፌሩ አንድ ምክር አለው፤ ከዛሬ ጀምሮ በእግሩ ይሂድ።

መልስ 4 የጡረተኛ መምህር ናቸው። ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር በቦታው ነው። ከመጀመሪያው ተነሡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ከቡርኪና ፋሶ በመጣ ጃፓናዊ ላይ በሽታው አገራችን ውስጥ ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጋቢት 30 አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ሆቴሎች በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳያስቀምጡ ታዘዙ። አዋጁ አበቃ ማለት ግን በሽታው አበቃ ማለት እንዳልሆነ አሰመሩበት። መመሪያ ቁጥር 30 ወጥቷል፣ ማስክ አሁንም ግዴታ ነው፣ ሁለት እርምጃ መራራቅም እንዳለ ነው። ምክራቸው ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የሚሆነው እስኪታይ ድረስ ባለ መጫወቻው እንዲታገስ ነበር። ምንም ክፉ ነገር አልነበረውም፣ እንደ አባት ነው የጻፉት።

መልስ 5 ግን እሳት ሆኖ መጣ። አንድ ወጣት መምህሩን አንተ እያለ፣ ጡረታው ወር ጠብቆ ባንክ ለሚገባለት ሰው መታገስ ቀላል እንደሆነ ነገራቸው። የራበው ሰው መመሪያ ቁጥር 30ን አይበላም ብሎም ጨመረበት።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ሦስቱም መልሶች ስለ ኮሮና አይደሉም። ስለ ጨዋነት ናቸው። የፈለገ ቢቸግር ያስተማረን ሽማግሌ አንተ ብሎ መናገር ከየት የመጣ ነው የሚሉ ናቸው። አንደኛው የመምህሩ ተማሪ ነበር፣ የማባዣ ሰንጠረዥ በአለንጋ ነው ያስገቡለት፣ ዛሬም ያከብራቸዋል። ኮሮናው ተረስቶ ስለ ዱላና ስለ ትምህርት ጥራት ትንሽ ተወራ።

መልስ 9 ላይ ወጣቱ ተመለሰ። አሁን እርስዎ እያለ ነው። ሐሳቡን ግን አንዲት ስንዝር አላነቃነቀም። ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። አዋጁ ሠራተኛ ማባረር ከልክሎ ስለነበር አሠሪው አላባረረውም። እስኪጠራ ቤቱ እንዲያርፍ ነገረው። የመጀመሪያውን ወር ግማሽ ደመወዝ ሰጠው፣ ከዚያ ምንም። እስከዛሬም አልተጠራም። ስልኩን ሸጧል፣ ይህንን የሚጽፈው በወንድሙ ስልክ ነው። የባለ መጫወቻው መኪኖች ቢንቀሳቀሱ ቢያንስ አንድ ቲኬት ቆራጭና አንድ መኪና ገፊ ይቀጠራሉ፤ እሱ የሚያየው ያንን ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

መምህሩ ለዚህ የመለሱት መልስ 13 ላይ ነው። በሁለት መስመር ብቻ፣ በውስጥ መስመር እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ምን እንደተባባሉ አናውቅም። ወጣቱ ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ ሲጽፍ ጋሼ ነው የሚላቸው።

በመሀል መልስ 10 አለ። ይኼኛው ኮሮና የሚባል ነገር የለም ባይ ነው። ካለም የፈረንጅና የአዲስ አበባ ነው፣ የሐዋሳ ሰው ፌጦ በሎሚ ጠጥቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጦ ካደረ የሚነካው የለም። (መጋቢት 2012 ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ የነካው በእነ መልስ 10 ምክንያት ነው። እኔም ገዝቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ቤቱ ለሳምንት ሸተተ።)

መልስ 11ን ከዚህ ክር ሁሉ ለብቻው ባወጣው ደስ ይለኛል። የጻፈችው በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። በክረምቱ ተመርምራ ተገኘባት። አላሳላትም፣ አላተኮሳትም። አምቡላንሱ ግን እየጮኸ ነው ግቢው ድረስ የመጣው፣ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አያት። ለይቶ ማቆያ ቆይታ፣ ነጻ ነሽ ተብላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ዕቃቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። የቤት ኪራዩ ለብቻዋ ቀረ። አከራይዋ ክፉ ሴት አይደሉም፣ አላባረሯትም፣ እንጀራም ልከውላታል። ጀሪካኗን ግን ከቧንቧው ጀርባ ለብቻው አስቀመጡት። ቡና ሲጠሯትም የምትጠጣበት ሲኒ አንድ ብቻ ሆነ። እንዳይቀላቀል ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርገውበታል። እሷ ነጥቡን ያየችው ቡናውን ጨርሳ ሲኒውን ስትደፋ ነው። መልስ 10ን የጠየቀችው ይህንን ነው፤ ለሌለ በሽታ ሲኒ ለብቻው የሚለየው ለምንድን ነው? እሱ አልመለሰላትም። ሌላም ሰው ለተወሰነ ሰዓት አልጻፈም።

መልስ 12 የአንዲት ነርስ ነው። ትህትና አለው፣ ድካምም አለው። ለልጅቷ አይዞሽ አለቻትና ወደ ሥራዋ ገባች። ሰው የሚፈራው ነገር ተዛብቷል ነው የምትለው። ሁሉም ብረት እየጠረገ፣ በረንዳ ላይ ክሎሪን እየረጨ ነው። ዋናው መተላለፊያ ግን ትንፋሽ ነው። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ 239 ሳይንቲስቶች ቫይረሱ በአየር ላይ ቆይቶ እንደሚተላለፍ ተገቢው ትኩረት ይሰጠው ብለው ለዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ደብዳቤ ማሳሰባቸውን ጠቀሰች። ስለዚህ የተዘጋ ክፍል፣ ብዙ ሰው፣ ረጅም ሰዓት፣ ጮክ ብሎ ማውራትና መዘመር ሲደመሩ ነው ክፉው። ሐይቅ ዳር ያለ ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው። በር ላይ የሚደገነው የሙቀት መለኪያም ብዙ እንዳያጽናና አሳሰበች፤ ምንም ሳያተኩሰው የሚያስተላልፍ ሰው አለና። መጫወቻው ላይ የሚያሰጋት ልጆቹ ሳይሆኑ ወላጆቹ ናቸው። ፀሐይ ሲበረታ ሁሉም አንዲት ጥላ ሥር ተጠቅጥቆ ይቆማል።

14 ቀልድ ነው፣ ይለፈኝ።

15 ላይ የነርሷን ነገር ይዞ አንድ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው፤ ለእኔ ክሩ ሥር የያዘው እዚህ ላይ ነው። የተዘጋ ክፍልና ብዙ ሰው ከሆነ ክፉው፣ ለምን ስለ ለቅሶ አናወራም አለ። በአዋጁ ወራት የሰፈሩ እድር ደንብ አውጥቶ ነበር። ለቀስተኛ ከበር ላይ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል። ድንኳን የለም፣ መቀመጥ የለም። ከመስከረም ወዲህ ግን ሦስት ቀን መቀመጡ ተመልሷል። ፍራሽ ተነጥፎ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ትከሻ ለትከሻ። ንፍሮ በእጅ ይዞራል። ማስክ ያደረገም ሲያለቅስ ያወልቃል። ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሰው ናቀ ይባላል።

16 ተቆጣ። ለቅሶን ከንግድ ጋር አንድ ላይ ማንሣት ነውር ነው፣ ሰው ሰውን ሳይቀብር ሊኖር ነው ወይ አለ። 17 እናቱ ሞተው በአዋጁ ጊዜ የቀበረ ሰው ነው። ዘመድ ከሩቅ ቆሞ እጅ እያውለበለበ እንደሄደ፣ ቤቱም በሦስተኛው ቀን ባዶ እንደነበር ጻፈ። ያ ባዶ ቤት እስካሁን እንደሚያመው፣ ለማንም እንደማይመኝ ተናገረ። ግን ደግሞ 15ን አልተቃወመም። ቁጣም ክርክርም የለበትም፣ እንዲሁ የደረሰበትን አስቀምጦ ሄደ።

18 ላይ መምህሩ መጡ። የእድራቸው ሰብሳቢ ኖሯል። ደንቡን በቃለ ጉባኤ ያስጻፉት እሳቸው ናቸው። መስከረም ላይ ግን አንድ የተከበረ ሰው ሲሞት ማንም ሳይፈቅድ ድንኳኑ ተተከለ። እሳቸውም ገብተው ተቀመጡ። ምን ላድርግ ነው ነገሩ።

ይኼውላችሁ፣ መጫወቻ መዝጋት ቀላል ነው። አንድ ባለቤት አለው። አጥር አለው። ሸራ ይለብሳል። የሚያሽገውም አይቸገርም፣ የሚዘግበውም ፎቶ ያገኛል። ለቅሶን የሚያሽግ ማነው? ታክሲውንስ? በተዘጋ ሳሎን የሚጠጣውን ቡና? ስለዚህ ጥንቃቄያችንን ሁሉ ሊዘጉ በሚችሉ ቦታዎች ላይ ጫንነው፣ እዚያ ያሉትም ነፋስ የሚነፍስባቸው ነበሩ። የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ፈንዲሻ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ የሌላውን ሁሉ ዕዳ ለብቻቸው ከፈሉ። ነርሷ ይህንን እንዲህ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

19 ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ ጉማሬ የሚያሳይ። የውጭ አገር ሰው ካየ ብዙ ጊዜው ነው። ሥራ የጠፋው አንድ ቻይናዊ በሽታውን ይዞ አገር ውስጥ በመግባቱ እንደሆነ ጻፈ። 20 ወዲያው አረመው፣ መልስ 4ን እንዲያነብ፣ ሰውዬው ጃፓናዊ እንደነበርና የመጣውም ከቡርኪና ፋሶ መሆኑን፣ ደግሞም በአንድ ሰው ላይ አገር ማሳበብ እንደማይገባ። ቀዛፊው ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን አላቆመም። ስለ ሕይወት አድን ጃኬቶቹ ማማረር ጀመረ። ያሉት ጥቂት ናቸው። አንዱ ቱሪስት አውልቆ ሌላው ሳይደርቅ ይለብሰዋል። ይታጠብ ቢባል መቼ ደርቆ? ድሮ ይህንን የሚጠይቀው አልነበረም፣ አሁን ሰው ጃኬቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እያሸተተ ይመልስለታል። ሳይለብስ ልሂድ የሚለውም በዛ። በኮሮና እንዳይያዝ ብሎ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ።

21 ስለ ጃፓን አመጣ። እዚያ የመዝናኛ ፓርኮች ሲከፈቱ ማኅበሮቻቸው ባወጡት መመሪያ ጎብኚዎች በሚወነጨፈው ባቡር ላይ እንዳይጮኹ ተጠይቀዋል። ምክንያቱ ነርሷ ያለችው ነው፣ ጩኸት ትንፋሽ ይረጫል። ፉጂ ኪው የሚባለው ፓርክ ሁለት ኃላፊዎቹ ማስክ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ፊታቸውን ሳያኮሳትሩ ባቡሩን ሲጋልቡ ቪዲዮ ቀርጾ አሳየ፤ ጩኸቱን በልባችሁ አድርጉት የሚል መልእክት ነበረው። ክሩ በሳቅ ተሞላ። የሐዋሳ ልጅ ሸርተቴ ላይ በልቡ ሲጮህ አስቡት። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት ጦጣዎች እንኳ ያን ያህል አይታገሱም።

22 ላይ በመጨረሻ አንድ አባት ለጥያቄው መልስ ሰጠ። ያመጣል። ሁኔታዎች አሉት፤ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሸርተቴው ላይ ሳይሆን መኪኖቹ ላይ ብቻ። ሸርተቴው ላይ ልጆች ተደራርበው ነው የሚወርዱት። አረጋዊ ቤቱ የለም፣ ስለዚህ ከመልስ 2 ጋር የሚያጣላው ነገር እንደሌለ፣ እሷም ልክ እንደሆነች ጻፈ። እናትየዋም አመሰገነችው። በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሳይጣሉ የቀሩት እዚህ ጋ ብቻ ይመስለኛል።

23 ከካሊፎርኒያ ነው። የሐዋሳ ልጅ ነው፣ አናሃይም አካባቢ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፣ ከዲዝኒላንድ ብዙም ሳይርቅ። ዲዝኒላንድ ከመጋቢት 5 ቀን 2012 ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ማለትም እኛ የመጀመሪያውን ሰው ባገኘን ማግሥት። የሻንጋዩ ዲዝኒ ግንቦት ላይ ተከፈተ፣ የፍሎሪዳው ሐምሌ 4። አንድ ኩባንያ፣ አንድ አገር፣ ፍሎሪዳ ክፍት፣ ካሊፎርኒያ ዝግ፤ ገዢዎቹ ስላልተስማሙ። መስከረም ላይ ኩባንያው 28,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። እሱ ያለበት ሆቴልም ፎቁን በሙሉ ጨለማ አድርጎ አንድ ኮሪደር ብቻ ነው የሚያበራው። ሊል የፈለገው፣ ይክፈት አይክፈት የሚለው ጭቅጭቅ የድሃ አገር ብቻ አይደለም ነው።

24 ዱላ ይዞ ጠበቀው። ዲያስፖራ ቤቱ ተኝቶ ከመንግሥት ቼክ እየተላከለት ስለ ሐዋሳ ድሃ ምን አገባው? ዲዝኒላንድንና ሦስት የባትሪ መኪናን ማወዳደርስ ምን ይባላል? 25 ካሊፎርኒያዊው ሳይናደድ መለሰ። ለሥራ አጦች በሳምንት ይጨመር የነበረው 600 ዶላር ሐምሌ ላይ ቆሟል። ቼክ ተልኮለት በነበረ ጊዜም ግማሹ ወደ ሐዋሳ ነው የመጣው፣ ምናልባትም መልስ 24ን ወደጻፈው ሰው ጎረቤት። ይህችን ካነበብኩ በኋላ 24ን ፈለግሁት፣ ከዚያ ወዲያ አልጻፈም።

26 ላይ ባለ መጫወቻው ራሱ ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ ያደረገውን ዘረዘረ። ከፍቷል። ብድሩን ቀነሰው፣ ባትሪ የገዛው ለአራት መኪና ብቻ ነው። ሸርተቴውን አልነፋውም። መሪዎቹን ልጅ በተቀየረ ቁጥር በአልኮል ሲጠርግ ቀለማቸው ተላጠ። ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ በኖራ ክቦች ሠራ፣ ቤተሰብ እየተራራቀ እንዲቆም። ልጆቹ ክቦቹን ሲያዩ ሰኞ ማክሰኞ መሰላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ እግር ሲዘሉ ዋሉ፣ መኪናውን የረሳም ነበር። ኖራው የተረፈ ዝናብ መጥቶ አጠበው። ማስክን በሚመለከት አንድ ነገር አይቶ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዷ የቢራቢሮ ሥዕል ያለበት አንዷ ነጭ ማስክ አድርገዋል። ነጩን ያደረገችው አለቀሰች። ባለ ቢራቢሮዋ ደግ ናት፣ አውልቃ ሰጠቻት፣ የእሷን ተቀብላ አደረገች። እናቶቹ ሁለቱም ስልካቸው ላይ ነበሩ። በእግር የሚረገጠው የእጅ መታጠቢያም አለው። ውሃ በሌለ ቀን ሮቶው ባዶ ነው፣ ልጆች ግን ፔዳሉን መርገጥ ስለሚወዱ ሰልፉ እዚያ ነው።

ከ27 እስከ 30 ስለ ባንክ ወለድና ስለ ባትሪ ጥራት ነው። የትኛው ሱቅ አስመስሎ የተሠራ ባትሪ እንደሚሸጥ ስም ተጠርቶ ስለነበር አወያዩ አጠፋው። ክሩ እዚህ ሞተ።

ታኅሣሥ 20 ላይ መልስ 31 ቀሰቀሰው። የገብርኤል ማግሥት መሆኑ ነው። ሆቴሎች ሞልተው፣ አልጋ ጠፍቶ፣ ሰው መኪናው ውስጥ አድሮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ እስከ ፒያሳ ጠጠር መጣያ እንዳልነበረ ጻፈ። ደስ ብሎት ነው የጻፈው። ማስክ የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ የለም። 32 ደግሞ የቀድሞው አስተናጋጅ ነው፣ ለበዓሉ ሦስት ቀን ተጠርቶ እንደሠራና ጉርሻ እንዳገኘ ለጋሼ ነገራቸው።

መልስ 33 የተጻፈው ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ነው። ዕለቱ ስቅለት ነበር። ካሊፎርኒያዊው ዲዝኒላንድ በዚያን ቀን መከፈቱን ሊያበስር መጣ። ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ፣ የሚያስገባውም ከአቅሙ 25 በመቶ ብቻ፣ ለዚያውም የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ብቻ። ሆቴሉም መልሶ ጠርቶታል። 34 እንኳን ደስ ያለህ ብሎ እኛ ጋ መቶ በመቶ ከተከፈተ ቆይቷል አለ።

35 ነርሷ ናት። ጥቅምት ላይ የነበረው ትዕግሥቷ የለም። ዐረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው። ሐዋሳ መቶ በመቶ ክፍት የሆነችው በሽታው በአገሪቱ ከመቼውም ይልቅ በበረታበት ወር ነው። የፅኑ ሕሙማን አልጋ የለም። ኦክስጅን ሲሊንደር ሲመጣ ለማን ይደረግ እየተባለ ነው። ሰው የሚመጣው ዘግይቶ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ ፌጦ፣ በመጨረሻ እሷ። እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አላለችም። ስለ መጫወቻ ልትከራከር እንዳልመጣች፣ አረጋዊ ያለው ሰው ክትባት ያስከትብ ዘንድ ብቻ እንደምትለምን ጻፈች። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን አስትራዜኔካ የካቲት 28 ገብቷል፣ መከተብ የተጀመረውም መጋቢት 4 ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ።

36 ደም የሚያረጋውን ክትባት ነው ወይ አለ። 37 ነርሷ እንደገና፤ አውሮፓ ውስጥ የታየው የደም መርጋት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ እንደሆነ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ መናገሩን፣ እሷ ራሷ ተከትባ ሁለት ቀን ክንዷ እንዳመማትና በማግሥቱ ሥራ እንደገባች። 38 መልስ 2 ላይ የጻፈችው እናት ናት፣ አማቷን ወስዳ አስከትባለች፣ ሁለተኛው መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተባለች። ካርዱን እንዳትጥል።

ከዚያ 39 ላይ ጀልባ ቀዛፊው ብቅ አለ። ቱሪስት ስለጠፋ ዓሣ ማጥመድ ጀምሯል፣ ለፋሲካ ቆሮሶ የሚፈልግ ካለ በጠዋት አሞራ ገደል እንዲመጣ አስታወቀ። 40 በስቅለት ቀን ዓሣ ማስተዋወቅ ድፍረት ነው አለ። 41 ዓሣ ጾም አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህንን ጥያቄ በአማርኛ መድረክ ላይ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚከተል ማወቅ ነበረበት። እስከ 58 ድረስ ጥቅስ በጥቅስ ሆነ፣ ኮሮናን ያነሣ ሰው የለም። መምህሩ ሳይቀሩ ገቡበት። አወያዩ ዓሣውን በሙሉ ነቅሎ ወደ ሌላ ክር አዛወረው፤ ያኛው መልሱ መቶ አልፎ አሁንም ሰው ይጽፍበታል።